መራራዋን ምንጭ ተከትዬ ሽቅብ

ማለዳ ከሰፈሬ ከእሪ በከንቱ የወጣሁት ምንጫችንን ምን እንደነካት ለማወቅ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ውሃዋ ይመራል፤ እንደ ፍል ውሃም ይሸታል። ሰፈሩ «ጠበል ፈለቀልን» ብሎ እልል አለ። ሆድ ሲያጥብም «በሽታ እያወጣ ነው» አሉ። ታማ የተኛችው ባለቤቴ በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትጠጣለች፤ ይባስ ብላ ከሳች። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍሁም፤ ግን አላመንሁም። ከምንጯ በጠርሙስ ቀድቼ አንገቱን በቀይ ክር አሰርሁ፤ ሁለት ባዶ ጠርሙሶችም ያዝሁ።

ሽቅብ

ምንጯ የምትፈልቀው ከወንዝ ዳር ነውና ወንዙን ይዤ ሽቅብ ሄድሁ፤ ዳሩ ጭቃ ነው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ጠርሙሶቼን አይተው ሳቁ።

«አባባ፣ በጠዋቱ አረቄ ፍለጋ ነው?»

«አረቄ ቢሆንማ አንቺ ትቀድሚኝ ነበር» አልኋትና አለፍሁ።

አንድ ፈረንጅ ካቆመው የቆዳ ማልፊያ ደረስሁ። ከጉድጓዱ ነጣ ያለ ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቆዳ የሚያገላብጠውን ሰው ምን እንደሚጨምሩ ጠየቅሁት።

«ጠጉር የሚመልጥ መድኃኒት ነው። ምነው አባቴ?»

«ታች ሰው ይጠጣዋል።»

«ውሃ ሂያጅ ነው፤ እስከዚያ ይጠራል» አለኝ። የራሱ እጅ እስከ ክርኑ ቆሳስሏል።

ከማልፊያው በላይ ቀድቼ ነጭ ክር፣ ከበታቹ ቀድቼ ጥቁር ክር አሰርሁ።

አራዳ

አርመኑ መድኃኒት ሻጭ ከሦስቱም ጠርሙስ በብርጭቆ ቀድቶ የመፈተኛ መድኃኒት ጠብታ ጨመረ። የላዩ እንደነበረ ቀረ። የታቹ ጠቆረ። የምንጯ፣ ዓይን ሲያየው ጥርት ያለው፣ ቀስ እያለ ጠየመ።

«ከማልፊያው የመጣ ነው። ያለው መርዝ ግን ትንሽ ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«በየቀኑ የሚጠጣው አለ?»

ጠርሙሶቼን ሰብስቤ ወደ ቤት ገሰገስሁ።

ቤት

ለባለቤቴ ነገርኋት። «መራራ ያልሆነ መድኃኒት ያውቃሉ? እርስዎ ጠበል እየፈተኑ ነው እግዜር የማይምረኝ» አለች። እንስራውን ደጅ ደፋሁት። ጎረቤቶች ከየቤታቸው እያማተቡ ወጡ። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ባዶውን እንስራ አዝዬ ከማልፊያው በላይ ልቀዳ ተመለስሁ። ወንድ እንስራ አዘለ ብሎ የሳቀ ይሳቅ። ይዤ ስገባ ግን ጎረቤታችን ከምንጯ ቀድታ አጠጥታታለች።

«ሲጠማት ዝም ብዬ ልያት?» አለችኝ።

ዓይንም ምላስም በውሃ ነገር እንደማይታመኑ በዚህ መንገድ ተምሬአለሁ። መርዙን ማወቅ ግን የመንገዱ ግማሽ ነው። ነገም ጎህ ሳይቀድ ሽቅብ እወጣለሁ፤ ከጥሟ እቀድም እንደሆነ።