ሳልናገር የቀረሁት የመኪናዋ ነውር

ያለፈው ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሙስካት ከተማ፣ በምሠራበት ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ ቆሜ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። የላከው የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሰይድ ነው። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩት።

«ዘይነባ፣ ሄደች። አሁን ነው ከግቢ የወጣችው። ሰውየው እየነዳ፣ ሚስቱ ደግሞ በአንቺ ቦታ ተቀምጣ። በቃ፣ አላህ ኸይር ያድርገው።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩና የያዝኩትን አንሶላ አጥፌ ጨረስኩ። ቀጥሎ ሌላውን አነሣሁ። አልቅሰሽ ነበር ወይ ብትሉኝ አላለቀስኩም። አልከፋኝም፣ ቀለል አለኝ ልልም አልችልም። እጄ ያጥፋል፣ ዓይኔ ያያል፤ የቀረው ሰውነቴ የት እንደሄደ እንጃ።

ይህን የምጽፈው ስለ ሐዘኔ ላወራ ብዬ አይደለም። «በአንቺ ቦታ» ያለው ሰይድ ሳያስበው ነው። እኔም ሳላስበው ነው የሰማሁት። ከቀናት በኋላ ግን ነገሩ ተመልሶ መጣብኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ሙስጠፋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ እሱ ተወልዶ ባደገበት ግቢ ነው። በተጋባን ሰሞን አንድ ቀን በጭነት መኪና ላይ ዝገት የበላው ብረት አስጭኖ መጣ። ጣሊያን ሠራሽ እስፖርት መኪና ናት አለኝ። ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ ጣራዋ የሚታጠፍ ጨርቅ ነው፤ ማለቴ ድሮ ነበር፣ ያኔ ጣራ የሚባል ነገር አልነበራትም። ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ለዘመናት ተረስታ ቆማ ነው ያገኛት። ዶሮ ሲያድርባት ስለኖረ ወንበሮቿ ላባ በላባ ነበሩ።

አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወጥተው ዞር ዞር ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ አዲስ ሙሽራ አልጋ ይገዛል እንጂ ቆጥ ይገዛል?» አሉት። ሙስጠፋ እየሳቀ ላባውን መልቀም ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኑሯችን እንዲህ ሆነ። ከቢሮ ሲመለስ ሱፉን አውልቆ ቱታውን ይለብሳል፤ መግሪብ እስኪደርስ ሥሯ ተኝቶ ይሠራል። ከምናለሽ ተራ ለቃቅሞ ያላመጣው ብሎን የለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር፤ እያደር ግን መፍቻ አቀባይ ሆንኩ። ጣራዋንም ከድንኳን ሸራ ቆርጬ በስፌት መኪናዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ የወተት መልክ ቀባት። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አያት። ጎረምሶቹ ለሙስጠፋ «ሼክ እስፖርት» የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ይዞኝ ይወጣል። በመስቀል ፍላወር አድርገን ጎተራ፣ ከዚያ በላንቻ ዞረን ወደ ቤት። ነፋሱ እንዳይወስድብኝ ሒጃቤን ሁለቴ አስር ነበር። ብዙም አናወራም፤ ሞተሯ አያሰማማም።

ሙስጠፋ ታሞ ብዙ አልቆየም። ልጅም አላህ አልሰጠንም። ከሱ በኋላ እኔ ወደዚህ አገር መጣሁ፤ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ሰይድ ጋ ቀረች። ሰይድ አልፎ አልፎ ሞተሯን ያስነሣላት ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ሊነሣ ነው ተባለ። ለሰይድ የደረሰው ቤት ጎተራ በኩል ፎቅ ላይ ነው። የጨርቅ ጣራ ያላት መኪና ሜዳ ላይ አታድርም። ደውሎ ፈራ ተባ እያለ ነገረኝ፤ አንቺ ያልሽው ይሆናል አለኝ። ሽጣት አልኩት። ውክልናም ላክሁለት። እንዲህ ቶሎ ማለቴ እሱንም የገረመው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት። ገዢው ውል ሳይፈርም በፊት በስልክ አገናኘኝ አልኩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አባቴ ደሴ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የተቀደደ ወይም ብል የነካው ጣቃ ካለ፣ ገዢው ሳይጠይቀው ዘርግቶ ቀዳዳውን በጣቱ ያሳያል። ነውሩ ያልተነገረለት ዕቃ ቢሸጥም በረካ የለውም፣ ገንዘቡም ሐላል አይሆንም ይል ነበር። እኔ በዚህ ነው ያደግሁት። መኪናዋን ከእኔ በላይ የሚያውቃት ሰው በሕይወት ስለሌለ፣ ነውሯን መናገር የእኔ ዕዳ ነው ብዬ ነው።

የውሉ ቀን ጠዋት ሰይድ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሐላቸው አስቀመጠው። ገዢው፣ ሚስቱና ደላላው ነበሩ። ደላላው ቢኒ የሚሉት ጮሌ ልጅ ነው። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። በነጂው እግር ሥር ያለው ወለል በስቶ ስለነበር በዘይት በርሜል ቆርቆሮ ነው የተጣፈው፤ ቀለም ስለተቀባ አይታይም አልኩ። የነዳጅ መለኪያው ውሸታም ነው፣ ባዶ ሆናም ግማሽ ያሳያል አልኩ። ጥሩምባዋ የታክሲ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት እንቢ ይላል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ መታገሥ ነው። ጣራውን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ክረምት ላይ በኋላ ጥጉ በኩል ያንጠባጥባል።

ቢኒ አላስችለው አለ። «እህቴ፣ አንቺ ሻጯ ነሽ ወይስ የገዢው ጠበቃ? በቃ ዶሮ ያድርባት ነበር በያቸውና እንገላገል።»

«አዎ፣ ዶሮም ያድርባት ነበር» አልኩ።

ሲስቁ ሰማኋቸው። የሴትዮዋ ሳቅ ለብቻው ይሰማ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ስናገር እንደ ሆስፒታሉ ዕቃ፣ ይህን ያህል አንሶላ፣ ይህን ያህል ፎጣ ብዬ እንደማስረክበው ነው የተናገርኩት። የሙስጠፋ እጅ ያላረፈበት ነገር አንድም አልጠራሁም፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ገዢው ጨዋ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ሲስቅ ቆይቶ፣ «እትዬ፣ የሠሯት ባለቤትዎ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ሌላ የቀረ ነገር አለ?»

ትንሽ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ።

«የለም። ይኸው ነው» አልኩት።

እነሱ ሄደው ተፈራረሙ፤ እኔም ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ የሰይድ መልእክት መጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ሶላት፣ እንቅልፍ ብቻ ሆነ። ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ የሆስፒታሉ ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር እኔ በር ሥር ተቀመጥኩ። ሙስካት መንገዱ ሁሉ አደባባይ ነው። ሾፌሩ ለኢፍጣር ቸኩሎ አንዱን አደባባይ በፍጥነት ወደ ግራ ሲዞረው፣ ትከሻዬ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔ ግን ምንም አልያዝኩም። እጄን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ፊሊፒናዊት ክንዴን ጨብጣ ሳበችኝ።

ምን እየጠበቅሁ ነበር? የሙስጠፋን እጅ ነበር።

የዚያች መኪና የቀኝ በር መቆለፊያው ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ስትዘጉት ጠቅ ይላል፤ የተዘጋ ይመስላል። ፈጠን ብላ ወደ ግራ ስትታጠፍ ግን በሩ ይከፈታል። መጀመሪያ የተከፈተው ጎተራ ጋ ስንታጠፍ ነው። ሙስጠፋ በግራ እጁ መሪውን ይዞ፣ ቀኝ እጁን በደረቴ ፊት አሳልፎ በሩን ጨበጠው። ቀበቶ የላትም። ከዚያ ወዲህ ግራ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር እጁ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ነገ እሠራዋለሁ ይለኛል፤ ሁሉንም ነገር ሲሠራ ያችን አልሠራትም። እኔም አንድ ሁለቴ ጠይቄ ተውኩት።

እኛ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ የምንያያዝ ሰዎች አልነበርንም። አስተዳደጋችን አይፈቅድም። በዚያች መኪና ግን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ያየናል ሳንል፣ ግራ በታጠፍን ቁጥር እጁ እኔ ላይ ነበር። ስለዚህ «ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ስባል ያ በር ትዝ አላለኝም። እኔ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ሰይድም አያውቀውም፤ በዚያ ወንበር ከእኔ በቀር ማንም ተቀምጦ አያውቅም። አሁን የማላውቃት ሴት ተቀምጣበታለች።

ወዲያው ደወልኩለት። ሰይድ ደነገጠ። ውሉ ላይ የተጻፈው የገዢው ስልክ የደላላው ሆኖ ተገኘ። ደላላ ሻጭና ገዢ እንዲደዋወሉ አይወድም፤ ኋላ እሱን ዘለው እንዳይስማሙ የራሱን ቁጥር ያጽፋል። የቢኒ ስልክ ዝግ ነው። ደላሎቹ ይቆሙበት የነበረው ጥግ ፈርሷል፤ ማን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የገዢው አድራሻ ቂርቆስ የነበረ ቤት ነው። ሰይድ ሄዶ ቢያይ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ዘበኛው የሚያውቀው ነገር የለም። የሰውየውን ስም እዚህ መጻፍ ደግሞ ሳያስፈቅዱ ተገቢ አይመስለኝም።

እዚህ ቁርኣን የምታስቀራንን ሴት ጠየቅኋት። ረስተሽ ከሆነ ተጠያቂ አይደለሽም፣ ካስታወስሽ ወዲያ ግን የማሳወቅ ግዴታ አለብሽ አለችኝ። ስለዚህ የመኪናዋን ገንዘብ አልነካሁትም፤ እንደተላከ ተቀምጧል። ሰዎች እንዴት ነሽ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። አንሶላ አጥፋለሁ። በሚኒባሱ ውስጥ በር ሥር መቀመጥ ብቻ ትቻለሁ።

አንድ ተስፋ አለኝ። መኪናዋ የወጣች ቀን ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር ያስነሧት ሰዎች ናቸው ገፍተው። ጎረቤት ሁሉ ዕቃ ሲያወጣ ነበርና፣ እናንተ የሰፈራችን ሰዎች የያዛችሁትን ፍራሽና ቁምሳጥን መሬት አስቀምጣችሁ ገፋችኋት። ሰይድ እንዳለኝ፣ ማን እንደሆነ እሱ ባያውቅም፣ ከእናንተ አንዱ ገዢውን ያውቀው ነበር። «ኢንጂነር፣ ያን ሁሉ ሕንፃ አቁመህ አንዲት መኪና ማስነሣት አቃተህ?» ብሎት ተሳሳቃችሁ።

ያንን ያልከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ፈልገህ ንገርልኝ። ከእሱ ጋር የገፋችሁም፣ መንገድ ላይ የወተት መልክ ያላት ትንሽ መኪና ካያችሁ አስቁማችሁ ንገሩልኝ። ሻጯ አንድ ነገር ረስታ ነበር በሉት። የቀኙን በር ያሠራው። ሰምቶ ሐላል ካለኝ ይበቃኛል።

እስኪያሠራው ድረስ ግን፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቀኝ እጁን ወደ እሷ ይዘርጋ።