የጾም ዘይት የተቀባው መትረየስ

መትረየሱን ሲያመጡልን ለፈጣን እግረኛ ጦር የተሠራ ነው አሉን። ከየት አገር እንደመጣ የነገረን የለም፤ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ማንበብ የቻለ ሰውም አልነበረም። አሠልጣኛችን፣ ጦር ሜዳ ከርመው ጉልበታቸው የደከመ አሥር አለቃ፣ «ቀላል መትረየስ» ይሉታል። ቀላልነቱ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከሰፈራችን ከፋሲሎ ጣና ዳር እስካለው ማሠልጠኛ ድረስ የተሸከመው ሰው ያንን ቃል ሁለተኛ አይደግመውም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እሑድ ጧት ቅዳሴው ሳያልቅ ለሚሊሺያ ሥልጠና የምንሰለፍበት። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርሁ። የመትረየሱ ተኳሽ ከመራዊ መጥቶ በሰፈራችን የሚኖር አናጢ ሲሆን፣ እኔ ረዳቱ ሆኜ የጥይቱን ሣጥን እሸከምለታለሁ። ሰውየው ወሬ አያበዛም። ማንገቻው ትከሻዬን እንደላጠኝ አይቶ አንድ ቀን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰፍቶልኛል። እኔ ሁልጊዜ ደክሞኝና ተነጫንጬ ስለምውል ተባረክ እንኳን አላልሁትም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ አናጢው ወባ ተነሣበትና ተኛ። መሣሪያውን መወልወልና ዘይት መቀባት የእሱ ሥራ ነበር፤ መሣሪያው የሚቆለፍበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ግን እኔ ዘንድ ስለሆነ አሥር አለቃው እኔን አዘዙኝ። የጠመንጃ ዘይት አልቋል፤ የመኪና ዘይትም ቢሆን በኩፖን ነው፣ እሱም ከተገኘ። እሳቸው በረሃ ሳሉ የበግ ሞራ አቅልጠው ይቀቡ እንደነበር ነገሩኝና፣ በጾም ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሞራ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው ለሌላ ግዳጅ ተጠርተው ሄዱ።

አባቴ ጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። በቤታችን ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ በአመድ ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይከርማል። እኔም አድጌ፣ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ፣ ከጾም ይልቅ ጥናትና ውይይት በሚከበርበት ቢሮ ተቀምጬ በድብቅ እጾም ነበር። ለባልደረቦቼ ጨጓራ አለብኝ፣ ሥጋ አይስማማኝም እላቸዋለሁ። ያንን ሞራ ሳየው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከቤቴ በጠርሙስ የኑግ ዘይት አመጣሁና መትረየሱን ከውስጥም ከውጭም አጥግቤ ቀባሁት። ሲያብረቀርቅ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ሞራውን ለውሻ ሰጠሁት።

ኑግ ሲከርም እንደሚደርቅ ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቃለች። የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ እንደ ሙጫ የሚይዘው እሱ ነው። እኔ ወጡን እንጂ ጠርሙሱን ስለማላውቅ አላሰብሁትም። አሥር አለቃው እስኪመለሱ ሥልጠናው ተቋረጠና መትረየሱ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከረመ።

ሥልጠናው እንደገና በተጀመረ ሳምንት ከበላይ አካል እንግዶች መጡ። አናጢው ወባው አክስቶት ሱሪው ወገቡ ላይ አይቆምም። በደረቱ ተኝቶ አነጣጠረ፣ ሊያቀባብል ማቀባበያውን ቢስበው እምቢ አለው። መዳፉ እስኪላጥ ታገለና እንደምንም አንድ ጥይት ወጣ፤ ከዚያ ዝም። እሱ ደጋግሞ ሲስብ ከእንግዶቹ አንዱ «አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከአፍ ከወጣች መልሶ የሚውጣት የለም።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አናጢው ምን እንደነካው አላውቅም ከማለት በቀር የተናገረው የለም። አሥር አለቃውም ስለ ሞራው አላነሡም፤ እንደታዘዝሁት የቀባሁት መስሏቸው፣ ጣቱ ወደ እሳቸው እንዳይዞር ፈርተው ይሆናል። ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነኝ። አባቴ ፊደሌ በተጣመመ ቁጥር በአርጩሜ እየሸነቆጡ ባስተማሩኝ ቁም ጽሕፈት «በተኳሹ ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍሁ። እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ኑግ ነው ብል ኖሮ ነገሩ አላዋቂነት ሆኖ ምናልባት በሳቅ ያልፍ ነበር። ግን ለምን ኑግ ይሉኛል። ጾም ነው ማለት አለብኝ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አናጢው ከሚቀጥለው ዙር ዘማቾች ጋር ወደ ሰሜን እንዲሄድ ተወሰነ።

በሄደ ዕለት ጓዙን ተሸክሜለት እስከ ጎንደር መንገድ ሸኘሁት። ወደ ሐሙሲት የሚያልፉትን መኪኖች እያየን ዘማቾቹን የሚጭነውን ስንጠብቅ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ያን ዕለት ጉንጬን ሳስጠጋው ኑግ ኑግ ሸተተኝ።»

ጓዙን ትከሻዬ ላይ አስተካከልሁ። ታዲያ ለምን አልተናገርህም አልሁት።

«ጾመኛ መሆንህን አውቃለሁ። በጾም ምክንያት ሰው አሳልፌ አልሰጥም።» ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። «እኔስ እሺ። አንተ ለምን ዝም አልህ?»

መኪናው መጣ። ጓዙን ከትከሻዬ ላይ ራሱ አውርዶ ተሳፈረ።

ሞተ ያለኝ የለም፣ መጣ ያለኝም የለም። መራዊ ባለፍሁ ቁጥር ከአውቶቡስ ሳልወርድ አልፋለሁ። ሁዳዴን ዛሬም እጾማለሁ፤ ግን የኑግ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲሸት ከማዕድ እነሣለሁ። ያኔ ሞራውን ነክቼ ቢሆን ኖሮ፣ ጣና ወርጄ እጄን ታጥቤ እገባ ነበር።