አጎዛ የለበሰ መሪ

ጋራዥ ከገባሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ብረት ማጠብ ነበር። ሌሎቹ መካኒኮች የፈቱትን እኔ በነጭ ጋዝ አጥባለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ነጭ ጋዝ ሲጨመርበት የእጅ ቆዳ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ዓይኔን የጣልኩት ግን የፊት እግር ላይ ነበር፤ ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎችና መገጣጠሚያዎች ላይ ማለቴ ነው። «እሱ የወንድ ሥራ ነው» ይሉኛል። ሲሉኝ ይብስብኛል። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አትችይም ያሉኝን ነገር ሳልሞክር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዕድሉ የመጣው በአንዲት ቀይ መኪና ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች። ባለቤቷ የመሐል ሜዳ ተወላጅ የሆነ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው። በየቦታው መንገድ በሚቆፈርበት በዚያን ጊዜ እንደሱ ያለ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እንደሷ ያለች መኪና ግን በከተማው ሌላ አልነበረችም። «መሪዋ ከበደኝ፤ ክንዴ ዛለ» ብሎ አመጣት። መካኒኮቹ ዙሪያዋን እየዞሩ ሳቁ። ሽበታምና ቁጡ የሆኑት አለቃዬ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ስትነዘንዢኝ ከምትውይ ይቺን ሞክሪ» አሉኝ።

ሥሯ ገባሁ። መሪውን የሚያግዝ ፓምፕ የላትም፤ ጎማዋን የሚያዞረው የሹፌሩ ክንድ ብቻ ነው። ባለቤቷ ደግሞ እንድታምር ብሎ ከልኳ በላይ ሰፊ ጎማ አስገጥሞላታል፤ የፊቱ ጎማ ነፋስም ጎድሏል። ሰፊና ልል ጎማ አስፋልቱን ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዝ መሪው መክበዱ አይቀርም። ልኳን ጎማ አስመጣን። ነፋሱን ሞላሁ፤ የደረቁትን መገጣጠሚያዎች ግሪስ ቀባሁ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ፊት እንዲያዩ በሲባጎ እየለካሁ አስተካከልኩ። ከዚያ ስነዳት፣ እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። የጭነት መኪና መሪውን ካዞሩት በኋላ ቆይቶ ነው የሚታዘዘው፤ የመሥሪያ ቤት መኪና መሪ ደግሞ ይቀላል እንጂ መንገዱን አይናገርም። ይቺ ግን ጠጠር ስትረግጥ ጠጠሩን፣ አስፋልቱ ሲረጥብ እርጥበቱን ለመዳፌ ትነግረኝ ነበር። ባለመኪናው አንድ ዙር ነድቷት ሲመለስ ከንፈሩ አልገጥም አለ።

ደስታዬ ልክ አጣ። መሪው ቀጭን እንጨት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲነኩት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። እናቴ በራሷ እጅ አልፍታ የሰጠችኝ፣ ጸጉሩ ያልተሸለተ የበግ አጎዛ ነበረኝ። ቆርጬ መሪውን ዙሪያውን አለበስኩትና በወፍራም ክር ሰፋሁት። የእናቴ እጅ ሥራ ነው፣ ስጦታ ነው አልኩት። «የአገሬ በግ!» ብሎ በመዳፉ አሻሸው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«መሪው ደነዘዘ» አለ። «ሳዞረው ቆይቶ ነው የሚሰማት። ምን እንደምትረግጥም አላውቅም።»

አለቃዬ ገብተው መሪውን ወዲያ ወዲህ አደረጉት። «ጨዋታ አለው» አሉ። እጅ ትንሽ ዞሮ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው በእኛ ሥራ ጨዋታ የሚባለው። ወደ እኔ ዞሩ። «እስከ ሰኞ ታገኝዋለሽ። ካላገኘሽው ማጠቢያሽ ይጠብቅሻል፤ የፊት እግር የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።» ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ስፈታና ስገጥም ሰነበትኩ። የሚገርመው፣ ከሥር ተኝቼ ጎማውን ስነቀንቀው ምንም ጨዋታ የለም፤ መቀመጫው ላይ ወጥቼ መሪውን ስይዝ ግን አለ። ነፋስ ቀነስኩ፤ ጨመርኩ። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ መለስኩ። መካኒኮቹ የማጠቢያ በርሜሌን ጋዝ ሞልተው «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚል ካርቶን ሰቀሉበት። ዓርብ ዕለት ከመኪናዋ ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ፊቴን ጠርጌ እንደገና ሥሯ ገባሁ።

ቅዳሜ ባለመኪናው መሐል ሜዳ ሰርግ ተጠርቶ ነበር። «አብረን እንሂድ፤ አንቺ ንጂ፣ መንገድ ላይ ታዳምጫታለሽ» አለኝ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ስንገነጠል አስፋልቱ አለቀና ጠጠሩ ጀመረ። ሆዷ እንዳይፋቅ ቀስ እያልን ነበር የምንሄደው። ጠጠሩ ወገቤን ያንገጫግጨዋል፤ እጄ ግን ዝም። ወገቤ የሚያውቀውን መንገድ እጄ አያውቀውም። ነገሩ ያን ያህል ግልጽ ሆኖ እያለ አልገባኝም።

እሱን ሰርግ ቤት አድርሼ እኔ ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ግጦሽ ሜዳ ዳር ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረሰኛ ናቸው። ጓሳን በፈረስ አቋርጠው የሚነግዱ፣ በጥምቀት ጉግስ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። መኪና የሚባል ነገር ግን አይወዱም፤ እኔ ጋራዥ ስገባም «ብረት ምን ነፍስ አለው?» ብለውኝ ነበር። ጭንቀቴን ስነግራቸው ሰሙኝና ዱላቸውን ለእናቴ አቀብለው «እስቲ ልያዘው» አሉ።

መቀመጫው ላይ ሲገቡ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። ሞተሩን አላስነሳሁም። እኔና እናቴ ከኋላ ሆነን ሜዳው ላይ ገፋናት፤ አባቴ መሪውን ይዘው ወደ ግራ አሉ፣ ወደ ቀኝ አሉ። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ «ቁሙ!» ብለው ጮኹ።

«ዛቡን አጎዛ ያለበሰው ማነው?» አሉ፤ መሪውን እንደ ፈረስ ልጓም ገመድ ቆጥረውት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አጎዛ የት ነው የሚነጠፈው?»

«ኮርቻ ላይ።»

«ለምን?»

«ለመቀመጫ፣ እንዲመች።»

«ታዲያ መቀመጫ ይመቸው እንጂ እጅ መስማት አለበት! ፈረሱ ሊደነብር ሲል የሚነግረኝ በዛቡ ነው። ውርጭ ቢሆን እንኳ ዛብ ስይዝ እጄን አልሸፍንም። ያንቺ ደግሞ ይኸው ይንሸራተታል፤ እኔ ዞሬያለሁ፣ እሱ ቆሟል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሰፋሁት አጎዛ ላልቷል። እጅ ሲዞር መጀመሪያ አጎዛው ብቻውን ይዞራል፤ መሪው ኋላ ይከተላል። ጨዋታው እዚያ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ከሥር ተኝቼ የፈለግሁትን ነገር፣ በነዳኋት ቁጥር በሁለት እጄ ይዤው ነበር! አፈርኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ወደ እናቴ ማየት ነው፤ የእጇ ሥራ ነውና። እሷ ቤት ገብታ ቢላ ይዛ ወጣች።

«ምን ያስተክዝሻል? ቅደጂው» አለችኝ።

ስፌቱን በጠስኩና እንጨቱን በባዶ እጄ ያዝኩት። ሞተር አስነስቼ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞርኩት። እያንዳንዱ ጉብታ መዳፌ ላይ መጣ። ብቻዬን እልል አልኩ።

በማግስቱ ስንመለስ ባለመኪናው ራሱ ነዳ። ጣርማ በርን አልፈን አስፋልቱን ስንይዝ «ወፍራም መሆኑ ይሰማኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለምን አላወለቁትም?»

«የእናትሽ እጅ ያለበትን ስጦታ? እንዴት ብዬ?»

«ይሉኝታዎ ገደል ሊከተን ነበር» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ቁም ነገሩን አመጣ። «ለአለቃሽ መገጣጠሚያ ቀየርኩ በያቸው። እኔ ትንፍሽ አልልም።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። የአጎዛው ነገር ከተሰማ ደህናዋን መኪና ያበላሸሁት ራሴ መሆኔ ይታወቃል፤ ዝም ካልኩ ግን የፊት እግር የእኔ ነው። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አመነታሁ። በመጨረሻ ግን የሰው ሕይወት የሚያዝበትን ሥራ በውሸት መጀመር አስጠላኝ።

ሰኞ ጠዋት አጎዛውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ጨዋታው ይኸውልዎ» አልኩና አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አለቃዬ አልሳቁም። አጎዛውን አገላብጠው አዩና መልሰው ሰጡኝ።

«አግኝተሽዋል» አሉ። «ግን በእጅሽ አበላሽተሽ ጋራዤን ሳምንት ሥራ አስፈትተሻል። ወደ ማጠቢያሽ።»

እልህ ያዘኝ። አጎዛውን በርሜሉ ሥር አነጠፍኩና ተቀመጥኩበት፤ አባቴ እንዳሉት ለመቀመጫ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠብኩትን መገጣጠሚያ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ መዳሰስ ጀመርኩ። የላላውን ለብቻ አስቀምጥና መካኒኮቹን «ይሄ አይመለስም» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ተሳለቁብኝ። ሦስተኛው ላይ አንዱ አንስቶ ለካው፤ አልሳቀም።

በስምንተኛው ቀን ወደ ግራ የሚስብ ሚኒባስ መጣ። ሦስት መካኒኮች ተራ በተራ ነድተውት ሦስት የተለያየ ነገር ተናገሩ። አለቃዬ ማጠቢያው ድረስ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። መፍቻ አንስቼ ልነሳ ስል «ተይው» አሉኝ።

«እጅሽን ጠርገሽ ነይ።»