ለለቅሶ የሄደው ሹራቤ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ቀርከሃ እሰነጥቅ ነበር። መንገድ ከተዘጋ፣ ኔትወርክ ከጠፋ፣ መሥሪያ ቤታችንም በሩን ከቆለፈ ሰንብቷል። ቤት መዋል ያልለመደ ሰው ቤት ሲውል የሚያደርገውን ሁሉ አድርጌያለሁ። የዶሮዎቹን ቆጥ አደስኩ። ደህና የነበረውን ቧንቧ ፈትቼ እንዲያንጠባጥብ አደረግሁት። በመጨረሻ የመጻሕፍት መደርደሪያ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። እንጅባራ ተቀምጦ ቀርከሃ መሥራት አልችልም ማለት ስለሚያሳፍር ነው እንጂ፣ ከዚያ በፊት ቀርከሃን የማውቀው ሌላ ሰው ሠርቶት ስቀመጥበት ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" አለችኝ። እሷም ብትሆን እጇ አያርፍም። የዚያን ቀን የለበስኩትን አረንጓዴ ሹራብ የሠራችልኝ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ነበር።

የመጡት ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ። አንደኛው "ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ" አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "እዚያው ይነገርሃል" አለ። እስከ ዛሬ አልተነገረኝም። በአንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ እሱ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን አንስታ እስክትወጣ መኪናው ተነስቶ ነበር።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ላይ ስልኬን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ወሰዱ። ከኪሴ ጣት የሚያህል የተጠረበ ቀርከሃ ወጣ። ፈታሹ አገላብጦ አየው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሚስማር ነው፤ የመደርደሪያ። ሱቁ ሁሉ ስለተዘጋ ከቀርከሃ እየጠረብኩ ነበር።"

"ይሄማ ምን ያደርጋል" አለና መልሶ ኪሴ ውስጥ ከተተው።

መጋዘኑ የጆንያና የድንች ሽታ ነበረው። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ ጠዋት ይቀልጥና በየስንጥቁ እየገባ ራሳችን ላይ ይንጠባጠባል። ሲሚንቶው እግር ይበላል። ስገባ ሰዎቹ በየግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ምን አድርገህ ነው ይሉኛል ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣

"ምን ጅምር ትተህ መጣህ?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ?"

"እቤትህ ነዋ። ምን ስትሠራ ነው ያመጡህ?"

"መደርደሪያ… የቀርከሃ።"

"እሰይ። ባለ መደርደሪያው፣ ና ተቀመጥ።"

የክፍሉ ወግ ነበር። እዚያ ቤት ስም መጠራራት ለማንም አይበጅም ስለተባለ፣ ሁሉም ቤቱ ትቶት በመጣው ጅምር ሥራ ይጠራል። ጣሪያ ሲያድስ የተያዘው ባለ ጣሪያው ነው። አንድ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ጎልማሳ ደግሞ ከሰል ሊያወጣ እንጨቱን ከምሮ፣ አፈር አልብሶ፣ እሳት ከለኮሰ በኋላ ነበር የያዙት። ባለ ከሰሉ ይባላል። "የእኔውን ጅምር አታንሱብኝ፤ እስታሁን አመድ ሆኗል" እያለ ያስቀን ነበር።

ሽማግሌው ባለ ፈረሱ ነበሩ። ዘንገና አካባቢ የሚያርሱ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአገዎቹ ቋንቋ በአውኝኛ ነው፤ ከእኛ ጋር ግን በአማርኛ ይጫወታሉ። ያሰሯቸው ልጅዎ የት ነው ተብለው ነው። የት እንዳለ እሳቸውም አያውቁም። እሳቸውም እንደ እኔ ገበያ ቀርቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ቤት ሲውሉ እጃቸው አላርፍ ብሏቸው የፈረሳቸውን የግንባር ጌጥ ፈቱት። አርጅቷል፣ ለጥር ጉግስ አዲስ አድርጌ እሠራዋለሁ ብለው ነው። ዘርፉን ሁሉ ተርትረው፣ አዲሱን ሳይጀምሩ ተያዙ። የባለቤቴን የመነኩሴ ተረት ስነግራቸው እየሳቁ ጉልበቴን መቱት። "መነኩሴው እኔ ነኝ በላት" አሉኝ።

አንድ ዓርብ ቀን የስንቅ ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ በሩ ላይ ሆኖ ሽማግሌውን ጠራቸው። የእሳቸውን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ነው። ሌላ ጊዜ አገልግሉን አቀብሏቸው ይመለሳል፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ በአውኝኛ ቀስ እያለ ብዙ ነገር ነገራቸው። ሽማግሌውም አንድ ነገር ጠየቁት። ልጁ ሄደ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ቦታቸው መጥተው ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አገልግሉ ሳይከፈት ዋለ።

"ታላቅ ወንድሜ ዐረፈ" አሉ ቆይተው። "ዛሬ ይቀበራል። ለቀብር እንኳ አይሆንም አሉኝ።"

ሁላችንም "እግዜር ያጥናዎት" አልናቸው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ከተማ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ተቀምጠን፣ ንፍሮ ዘግነን፣ ዝም ብለን እንነሳለን። እዚህ ደግሞ መነሻም የለ።

ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩ። "በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ሰልስቱ ላይ ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሐል ይዞራል። እኔና ወንድሜ ጉግስ ስንወጣ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበርን። ከልጅነታችን ጀምሮ። እሑድ የእሱ ፈረስ ብቻውን ሊዞር ነው።"

"የእርስዎን ፈረስ ልጆቹ አያወጡልዎትም?" አልኳቸው።

"ምን አስረውለት? ግንባሩን ፈትቼው የለ! ራቁቱን ለቅሶ አይወጣም።" እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። "ምን ነበር እጄ ቢያርፍ? ምን አለበት ቢያርፍ?"

ሰልስቱ እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ እጅ ሥራ አይያዝም። ምራታቸው ቅዳሜ ከሰዓት ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ባዶውን አገልግል ይዛ ስትመለስ ጌጡ ውስጡ ካልገባ ሌላ መንገድ የለም። ይህን ያሰላነው እኛ ነን፤ እሳቸውማ ተስፋ ቆርጠው ግድግዳውን ያያሉ። ባለ ከሰሉ ማንንም ሳያማክር ከአንገቱ ጥቁር ሻርፑን አወለቀና ጫፉን ፈልጎ መተርተር ጀመረ። እኔም ጥቁር ካልሲዬን አወጣሁ። ለሐዘን ሌላ ቀለም አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሻርፑ አልቆ ክሩ ሊጠቀለል ሲል ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩን።

"ምን እያረጋችሁ ነው?"

"ለፈረሱ ነው አባባ። ለለቅሶው" አለ ባለ ከሰሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላላ። "ፈረስ ከል አይለብስም እኮ፣ ልጆቼ። ለጥርም ለለቅሶም ጌጡ ያው ነው። ያማረው፣ የደመቀው ነው የሚታሰርለት። ልዩነቱ ኮርቻው ላይ ሰው አለመኖሩ ነው።"

ባለ ከሰሉ የተረተረውን ሻርፕ እያየ "አሁን ይሄን ማን መልሶ ይሠራልኛል?" አለ። ሳቅን፤ ሐዘንተኛውም ሳቁ።

እዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የደመቀው ነገር የእኔ ሹራብ ነበር። ሁሉም አየው፣ ግን አውልቅ ያለኝ የለም። ብርዱን ያውቁታል። እኔም ሳሳሁለት፤ ለብርዱም፣ ለሠራችልኝም ሰው። ከዚያ በራሴ ላይ ሳብኩና አወለቅሁት። ክሩን ስንተረትረው ገና የገላዬን ሙቀት እንደያዘ ነበር። ባለ ጣሪያው ቀይ የሱፍ ኮፍያውን ጨመረ። ለመደቡ ከጆንያ ላይ ቁራጭ ቀደድን። የጎደለው መርፌ ነው፤ መርፌ ደግሞ አይገባም። ያኔ ነው ኪሴ ውስጥ ያለው የቀርከሃ ሚስማር ትዝ ያለኝ። ጫፉን ሲሚንቶው ላይ ፍቄ አሾልኩት፤ ባለቤቴ ኪሮሽ ስትይዝ ያየሁትን አስታውሼ በበሩ ብረት ጠርዝ ትንሽ መንጠቆ አወጣሁለት። ሽማግሌው ተቀብለው በጣታቸው ሞከሩትና "መደርደሪያህ እግዜር ይስጠው" አሉኝ።

ያን ቀንና በማግሥቱ እስከ ቀትር ሠራን። እሳቸው መደቡን ይሰፋሉ፣ እኛ ዘርፉን እንቋጥራለን። የቋጠርነውን አይተው ካልወደዱት ምንም ሳይናገሩ ይፈቱታል። የእኔን ብዙ ጊዜ ፈቱት። ሲያልቅ ዘንበል፣ ራቅ አድርገው አዩትና "ወንድሜ ቢያየው የማን ነው ሳይል አያልፍም ነበር" አሉ።

ከሰዓት ወጣቱ ፖሊስ መጣ። ጌጡን አገልግሉ ውስጥ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

"አባቴ፣ የተሰፋ ነገር ተተርትሮ ነው የሚወጣው። ትእዛዝ ነው።"

ሽማግሌው አልለመኑትም። ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጌጡን ከአገልግሉ አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙለት።

"ውስጡ ወረቀት አለ?" አለ ልጁ።

"እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ። ፈረሱም እንደዚሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ። ልጁ አልሳቀም። በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዘርፉን አንድ በአንድ በጣቶቹ መዳበስ ጀመረ። እያንዳንዱን ይጨብጣል፣ ይጫናል፣ ይለቃል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በአውኝኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በእጃቸው እያሳዩ መለሱለት። ጌጡን ቀስ አድርጎ አገልግሉ ውስጥ አስተኛው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ይዞት ሄደ። ምን እንዳላቸው በኋላ ጠየቅኋቸው። "የትኛው ነው ወደ ላይ የሚሆነው? ነው ያለኝ" አሉ።

"ይደርስ ይሆን?" አልኳቸው።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። የእኔው ያድርሰኝ እንግዲህ።"

እሑድ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ወለሉ መሐል ስታርፍ ሽማግሌው ተነሱ። ማንም ሳይነግረን ሰብሰብ ብለን መሐሉን ለቀቅንላቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ክፍሉን ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። አንድ ዙር ዞረው አጠገቤ ሲደርሱ መቀመጥ አቃተኝ። በሸሚዝ ነበርኩ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ተነስቼ በግራቸው በኩል ገባሁና አብሬያቸው ዞርኩ። ዘወር ብለው አላዩኝም፤ እርምጃቸውን ብቻ ለእኔ ልክ አደረጉልኝ።

ሰኞ ጠዋት ወጣቱ ፖሊስ በሩን ከፈተ። እሳቸውን ሲያናግር ሁልጊዜ በአውኝኛ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ ተናገረ።

"ደርሷል" አለ። "ሁለት ሆነው ዞሩ።"

ያኔ ነው ሽማግሌው ያለቀሱት። እኛም አልቀረንም።

እኔን የለቀቁኝ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እሳቸውን ከእኔ ዘግይተው። ቤት ስገባ ባለቤቴ አገላብጣ አየችኝና "ሹራቡስ?" አለች። "ፈረስ ለበሰው" አልኳት። ጭንቅላቴን የነካኝ ነገር እንዳለ ለማወቅ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ነገሩን ስነግራት፣ ስገባ ያላለቀሰችው ሴት ተቀምጣ አለቀሰች።

በዓመቱ ጥር ጉግስ ለማየት ወጣን። ፈረሶቹ ከሜዳው ጫፍ ሲመጡ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። "ያ የእኔ ክር ነው!" ብላ ክንዴን ጨበጠችኝ። ሽማግሌው እላዩ ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው በወንድማቸው ፈረስ የወንድማቸው ልጅ ይጋልባል። ሲያዩን ወረዱና ጉንጫችንን ሳሙን።

"ጅምሩስ?" አሉኝ።

"አልቋል አባባ። አንድ ሚስማር ብቻ ነው የጎደለው።"

የፈረሱን አገጭ ቀና አደረጉና አሳዩኝ። የጌጡ ማሰሪያ ከጉሮሮው ሥር የሚቆለፈው በእኔ ቀርከሃ ነው። ከእጅ ብዛት ወዝቶ ጠቁሯል።

"እሱን እንኳ አልመልስልህም" አሉኝ።

በዚህ ሳምንት መንገዱ እንደገና ተዘግቷል፤ ይህን የምጽፈው ቤት ውዬ ነው። መደርደሪያው አጠገቤ ቆሟል፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከታች አንድ ቀዳዳ ክፍት ነው። ባለቤቴ ስትወለውል ባየችው ቁጥር "ይህን ሁሉ ቀርከሃ ከምረህ፣ ምናለ ብትሞላው?" ትለኛለች።

"ተይው፣ ሰው አለው" እላታለሁ።