ለአክስቴ የቀረበላቸው ጥያቄ

አጎቴ እቅዱን የነገረኝ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ላይ፣ አክስቴ ከመኪናው ወርደው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ነው። ከአክስቴ ጡት የተወሰደው ናሙና ውጤት ደርሶ፣ "ቤተሰብ ይዘው ይምጡ" ተብሎ ተደውሎላቸዋል። አጎቴ ይህ የደግ ምልክት እንዳልሆነ ገብቶታል።

"ዶክተሩ ክፉ ነገር ካለ፣ አንቺ 'ትንሽ እብጠት ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል' በያት" አለኝ በሹክሹክታ። "እውነቱን በኋላ ለኔ ትነግሪኛለሽ።"

"እሺ" አልኩ። ኮሌጅ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛ ትችላለች እየተባልኩ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የምጠራው እኔ ነኝ። በቤታችን ደግሞ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። አያቴ የሕመማቸውን ስም ሳያውቁ ነው ያረፉት፤ ይህም እስከ ዛሬ እንደ ደግነት ይወራል።

እንደገባን ነርሷ አክስቴን ክብደትና ደም ግፊት ልትለካቸው ይዛቸው ሄደች። ወጣቱ ሐኪም ላስተረጉም መምጣቴን ሲሰማ አመሰገነኝ። ታማሚዋ ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው ብሎ፣ ባለ ጎማ ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ስክሪን እየገፋ አመጣ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች።

"ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ።"

የአጎቴ ፊት በራ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"እሰይ የኔ እህት! ያገር ልጅ ነሽ፣ ባህላችንን ታውቂያለሽ። እህቴ ስትገባ ካንሰር የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ አደራ!"

ሴትየዋ ያለውን ሁሉ፣ አደራውን ሳይቀር፣ ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ነገረችው።

"ኧረ እሱን ላንቺ ነው ያልኩሽ!"

እሱንም ተረጎመችው።

"ምን ጉድ ናት ይቺ!"

እሱንም።

ሐኪሙ ሳቁን እንደምንም ዋጠ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ በአስተርጓሚዋ በኩል፣ "እህትዎን አልዋሻቸውም። ውጤቱንም ከእሳቸው በፊት ለእርስዎ መናገር አልችልም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ግን እጠይቃቸዋለሁ" አለው።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መኖሩን አላውቅም ነበር።

አክስቴ ከነርሷ ጋር መጥተው ተቀመጡ። ሐኪሙ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞረ።

"አንዳንድ ሰው ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ 'ለቤተሰቤ ንገሩ፣ እኔን ተዉኝ' ይላል። ሁለቱም መብትዎ ነው። እርስዎ እንዴት ይሻልዎታል?"

አጎቴ ወለሉን ያያል። እስከዚያ ቀን ድረስ አክስቴ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ለማን ምን እንደሚነገር የምንወስነው እኛ ነበርን። አሁን ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ስክሪኑ ውስጥ ያለችው ሴት፣ ሁሉም የአክስቴን አፍ ይጠብቃሉ። ማንም አላጣደፋቸውም። ቤተ መቅደስ የገባሁ መሰለኝ።

"ለኔ ይነገረኝ" አሉ። "ገላው የኔ አይደል እንዴ?" ከዚያ አጎቴን አዩት። "እሱ ግን ይውጣ።"

"እትዬ!"

"ውጣ አልኩህ! ዶሮ ሲታረድ እንኳ የምትደበቅ ሰው ነህ። ልጅቷ ትቆይ።"

አስተርጓሚዋ ዶሮውንም አልተወችውም። አጎቴ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ካንሰር ነበር። አክስቴ አማተቡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው መጠየቅ ጀመሩ። የት ድረስ ሄዷል? ቀዶ ጥገናውን እምቢ ብልስ? ሐኪሙ እምቢ ማለት እንደሚችሉ ነገራቸው፤ ምን ሊከተል እንደሚችልም ሳይሸፋፍን አስረዳቸው። ጸበልስ ብጠመቅ? የቀዶ ጥገናው ቁስል እስኪደርቅ ይታገሱ እንጂ አይከለከሉም አላቸው። አንዱ መልስ ሳይገባቸው ወደ ሌላው አላለፉም። እኚህን ሴት ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።

"እሺ፣ እታከማለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ቀኑን ግን እኔ ነኝ የምቆርጠው።"

"እርስዎ ነዎት" አለ ሐኪሙ።

ስንወጣ አጎቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እኔን እኔን ያያል። አክስቴ ቀድመውኝ ሄዱና እጁን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ አጠገቡ ተቀመጡ።

"ካንሰር ነው" አሉት። "በል አሁን እዚሁ አልቅስ። የምትነዳው አንተ ነህ፤ መንገድ ላይ እንዳትጀምር።"