መኪናዋ እስክትበርድ

ትናንት በዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ አንድ ሰው የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ሲሄድ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። የጋለ ዘይት ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ መካ፣ ነካሳ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ አባቴ አሮጌ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና ነበረችው። ራሱ ይፈታታታል፤ ራሱ ያሻሽላታል። መንገድ ከሄደ በኋላ ቱርቦው፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል፣ እንደጋለ ጠፍቶ እንዳይቃጠል ሞተሩን ሳያጠፋ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አብራን የምትኖረው አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ጠቅልላ ወሎ የገባች ቀን አጎቴ ቀድሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዳት፤ እኔና አባቴ ከሥራው በኋላ ተከተልን። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስም «ትንሽ ትብረድ» ብሎ አልወረደም። ስንገባ አያቴ ፍተሻውን አልፋ ሄዳለች። ሳይሰናበታት ቀረ።

በማግስቱ፣ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ የሚያቆይ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ ይገጥም ጀመር። አጎቴ ባትሪ እያበራለት፣

«ኸላስ፣ አብሽር። በቃ አይዞህ፣ ደውልላት» አለው።

«ደወልኩ እኮ።»

«ምን አለችህ?»

አባቴ ሽቦውን እየጠመዘዘ፣ «‹መኪናህ በረደችልህ ወይ ልጄ?› አለችኝ» አለ።

አጎቴ ሳቀ፤ አባቴ አልሳቀም። አያቴ እየቀለደችበት ይሁን ከልቧ ጠይቃው ይሁን እስካሁን አላውቅም። አባቴን ልጠይቀው እልና እተወዋለሁ።