የኔታ ላይ ያላከክሁት ጥፋት

ቅኔ ያስቆጠሩኝ የኔታ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ይኖራሉ። የሟች መምህራቸው ቅኔዎች የትም አልተጻፉም፤ ያሉት በእሳቸው ቃል ብቻ ነው። ቀድሞ እሳቸው ዘንድ የተማርን ሰዎች ላፕቶፕ ሰጠናቸውና አጻጻፉን እኔ አሳየኋቸው። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀሙ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅኔዎቹን ጻፉ።

ችግሩ፣ ሲያበሩት አንዱን ቁልፍ ይጫኑና ከዊንዶውሱ በፊት የሚመጣው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ ይገባሉ። ያገኙትን ይቀያይራሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እምቢ አለኝ» ብለው ይደውላሉ፤ እኔም ከማስተምርበት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተነስቼ እመጣለሁ። በአራተኛው ትዕግስቴ አለቀ። ገጹን በይለፍ ቃል ልቆልፍባቸው ብዬ በንዴት የሆነ ነገር ጻፍሁና ወጣሁ። ለካስ ገጹን ብቻ አልነበረም የቆለፍሁት፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ እንዲጠይቅ አድርጌው ኖሯል!

በሳምንቱ ደወሉ። ሄድሁ፤ ቃሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ሦስቴ ስሳሳት ደርቆ ይቆማል። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። አፈርሁ፤ አፌ ግን አላፈረም።

«የኔታ፣ ነካክተውት ይሆናል» አልኋቸው።

የእምዬን ወደ አብዬ! እሳቸውም አመኑኝ።

«እጄን በቆረጠው!» አሉ። «የመምህሬን ቅኔ እኔው ልቅበረው?»

መካነ ኢየሱስ ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድሁትና የቆለፍሁት እኔ መሆኔን ነገርሁት፤ ፈታታው። የይለፍ ቃሉን ታስረሳው እንደሆነ ብሎ ትንሿን ባትሪ አውጥቶ መለሳት፤ ወይ ፍንክች። ጽሑፉ ያለበት ማከማቻ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ለብቻው ነቅሎ ማንበብም አይሆንም። ሲሰለቸው፣

«መምህር፣ ስትቆልፈው ምን እያልክ ነበር?» አለኝ።

ምን እያልሁ ነበር? እሳቸውን እየተቆጣሁ ነበራ! «አይንኩት» ነበር ያልሁት፤ በንዴት እንኳ አንቱታው አልቀረም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ በአንድ መንገድ፣ አንዴ በሌላ ጻፍሁት። በሦስተኛው ተከፈተ። ቅኔዎቹ አሉ፤ አንድም አልጠፋ።

በማግስቱ ይዤላቸው ሄድሁ። የመምህራቸውን ቅኔ ሲያዩ እንባቸው መጣ። ልነግራቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። ሁለቱን እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«የቀረውን እኔ በቃሌ ልበልልህ፤ አንተ ጻፍ» አሉ። «ደግሞ አበላሽብሃለሁ።»

ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። እሳቸው ቅኔውን በቃላቸው አሉ፤ እኔ ጻፍሁ።